ወደ አገሩ የተመለሰ ጎራዴ ደጃፍ ላይ አይሰበር፦ ስለ ጃፓን የጦርነት ዘመን ጎራዴዎች ምዝገባ ግልጽ ደብዳቤ

በጃፓን የጎራዴ ምዝገባን ለሚመራው የባህል መሥሪያ ቤት፣
ምዝገባውን ለሚያካሂዱ የየክፍለ ግዛቱ የትምህርት ቦርዶች

ጉዳዩ፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የጃፓን ወታደራዊ ጎራዴዎች በተሠሩበት አገር ሕጋዊ ምዝገባ ስለሚነፈጉበት ሁኔታ

ክቡራንና ክቡራት፣

የአክብሮት ሰላምታችንን እያቀረብን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንገባለን። እኛ በአሜሪካ የምንኖር፣ የጃፓን ጎራዴዎችን የምንሰበስብ፣ የምንንከባከብና የምንጠግን ኢትዮጵያውያን ነን። አሜሪካውያን ወታደሮች በ1945 ይዘዋቸው የመጡ ጎራዴዎች ዛሬ ከልጅ ልጆቻቸው እጅ እየወጡ ነው። ከነዚህ ቤተሰቦች መካከል ጎራዴውን ወደ ባለቤቱ ወገን መመለስ የሚፈልጉ አሉ፤ እኛም የስለቱን ጽሑፍ እናነብላቸዋለን፣ አሠራሩን እንለይላቸዋለን፣ ለጉዞ እናዘጋጅላቸዋለን። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳን በዚህ መንገድ ወደ ጃፓን የተላከ ጎራዴ ምዝገባ ተከልክሎ እንዲወገድ መደረጉ ነው። ደብዳቤው በጃፓንኛም ይደርሳችኋል። በአማርኛ የምናወጣው በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከየቤቱ የዕቃ ሽያጭ እነዚህን ጎራዴዎች እየገዙ ስለሚጠይቁን፣ መላክ የሚያስቡም ነገሩን አስቀድመው እንዲያውቁት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገራችሁ ማንም ስለት እንደ ልቡ እንዳይዝ መከልከሏን አንቃወምም። በ1958 የወጣው የጦር መሣሪያና የስለት ቁጥጥር ሕግ 15 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት ያለውን ጎራዴ ያለ ምዝገባ ወይም ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 500,000 የን ነው። አያቱ ሲሞቱ ከቁም ሳጥን ጀርባ ጎራዴ ያገኘ ሰው በመጀመሪያ ለአካባቢው ፖሊስ ያሳውቃል፤ ፖሊስ «መገኘቱ ተነግሯል» የሚል ወረቀት ይሰጠዋል፤ በዚያ ወረቀት ጎራዴውን የትምህርት ቦርዱ በሚያዘጋጀው የምርመራ ቀን ይዞ ይቀርባል፤ ለአንድ ጎራዴ 6,300 የን ይከፍላል። መርማሪዎቹ ካሳለፉለት ርዝመቱ፣ የጉብጠቱ ልክ፣ የችንካር ቀዳዳዎቹ ቁጥርና የተቀረጸው ጽሑፍ የሠፈረበት ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ ከጎራዴው አይለይም፤ ጎራዴው ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት በ20 ቀን ውስጥ ካርዱን ለሰጠው ቦርድ ያሳውቃል። ቀላልና ግልጽ አሠራር ነው። ብዙ አገር ይህን ያህል ሥርዓት የለውም፤ የእኛም አገር የለውም።

ችግሩ የሚጀምረው መርማሪው እጀታውን አውልቆ ናካጎውን ሲያይ ነው። ናካጎ እጀታው ውስጥ የሚገባው የስለቱ ጭራ ነው። የጎራዴው መታወቂያ እዚያ ላይ አለ።

በጦርነቱ ዘመን የተሠራ ወታደራዊ ጎራዴ፣ ማለትም ጉንቶ፣ አንድ ዓይነት አይደለም። በ1934፣ በ1935 እና በ1938 የወጡት የጦር ሠራዊት ሞዴሎች ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ አፎታቸው ብረት፣ የመኮንኖቹ እጀታ በጥልፍልፍ ጥብጣብ የተጠመጠመ፣ ጌጣቸው የቼሪ አበባ ነው። ውስጣቸው ግን ሦስት አራት የተለያየ ታሪክ ይይዛል። አንዳንዱ መኮንን የቤተሰቡን የ400 ዓመት ስለት አምጥቶ በወታደር እጀታ አስገጥሞታል። ሌላው በቶኪዮ ኩዳን፣ በያሱኩኒ ቤተ መቅደስ ግቢ ከ1933 እስከ 1945 በሠራው የቀጥቃጮች ማኅበር የተቀጠቀጠ ጎራዴ ይዟል፤ እነዚህ ወደ 8,100 ያህል ናቸው። ሌላው ሠራዊቱ ታማሃጋኔ የሚባለውን ባህላዊ የጎራዴ ብረት እየሰጠ ባሠራቸው አንጥረኞች እጅ የወጣ ነው፤ ናካጎው ላይ ትንሽ የኮከብ ማህተም አለበት። ብዙው ግን፣ በተለይ በጊፉ ክፍለ ግዛት ሴኪ ከተማ የወጣው፣ ከተራ የፋብሪካ ብረት ተሠርቶ በዘይት የቀዘቀዘ ነው። ይህ ሾዋቶ የሚባለው ነው፤ ናካጎው ላይ «ሾ» ወይም «ሴኪ» የሚል ማህተም ይታይበታል። ለበታች ሹማምንት የወጣው የ1935ቱ ሞዴል ደግሞ ሙሉ በሙሉ የማሽን ሥራ ነው፤ እጀታው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ሆኖ እንደ ጥልፍልፍ ተደርጎ የተቀረጸ፣ በቀርከሃ ችንካር ሳይሆን በብሎን የታሰረ፣ ስለቱ ላይ መለያ ቁጥር የተመታበት ነው።

እንግዲህ የቤተሰብ ስለት፣ የያሱኩኒውና ኮከብ ያለበት ይመዘገባሉ። ሾዋቶና የማሽን ሥራው አይመዘገቡም። አንድ ሻለቃ ውስጥ አጠገብ ላጠገብ የቆሙ ሁለት መኮንኖች ጎራዴ ዛሬ አንዱ ካርድ ያገኛል፣ ሌላው ይቆረጣል። ቅሬታችን እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን በሕጉ ቃል ላይ ነው። የሕጉ አንቀጽ 14 ስለ ጥንታዊ ጠመንጃዎች ሲናገር «በሥነ ጥበብነት ወይም በጥንታዊ ዕቃነት ዋጋ ያለው» ይላል። ስለ ጎራዴ ሲናገር ግን «በሥነ ጥበብነት ዋጋ ያለው» ብሎ ይቆማል። ስለዚህ በክር የሚተኮስ አሮጌ ጠመንጃ ቆንጆ ባይሆንም በዕድሜውና በታሪኩ ይመዘገባል፤ ጎራዴ ግን ታሪኩ የቱንም ያህል ቢሆን ውበቱ ካልተመሰከረለት አይመዘገብም። ከሁለቱ የበለጠ ሰው የሚገድለው የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልገንም።

ከሕጉ በታች ያለው የ1958 የምዝገባ ደንብ ይበልጥ ሰፊ ነበር። በአንቀጽ 4 መርማሪው የሚያያቸውን ይዘረዝራል፦ ቅርጹ፣ አቀጣቀጡ፣ የጠርዙ መስመር ወይም ቅርጻ ቅርጹ ውበት ያለው፤ ወይም የአንድን የአንጥረኞች ትምህርት ቤት ጠባይ በግልጽ የሚያሳይ፤ ጽሑፉ እንደ ሰነድ ዋጋ ያለው፤ አመጣጡና ውርሱ የታሪክ ማስረጃ የሚሆን፤ ወይም ለነዚህ ተቀራራቢ ሆኖ እጀታውና አፎቱ በእጅ ሥራነት የሚከበር። ከነዚህ አንዱ ከተገኘ ይበቃል። ይህን ያነበበ ሰው ጽሑፍ ያለበትና ባለቤቱ የሚታወቅ የጦር ጎራዴ ያልፋል ብሎ ማመኑ አይቀርም። ነገር ግን ከዝርዝሩ በፊት «የጃፓን ጎራዴ ሆኖ» የሚል ቃል አለ። ቃሉ ደንቡ ውስጥ በአሠራር አልተተረጎመም፤ በተግባር ግን «በባህላዊው መንገድ፣ ታጥፎ የተቀጠቀጠና በውሃ የቀዘቀዘ» ማለት ሆኖ ይሠራበታል። በዚያች አንዲት ቃል ላይ የወደቀ ጎራዴ የጽሑፉ ዋጋም የባለቤቱ ታሪክም አይታይለትም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤታችሁ በ1990 ከስፔን የተገዛ ሳቤር የሚባል የአውሮፓ ጎራዴ እንዲመዘገብ በቀረበው ክርክር ደንቡ ምዝገባን ለጃፓን ጎራዴ ብቻ መወሰኑ ተገቢ ነው ሲል ወስኗል። ውሳኔውን እናከብራለን። ጥያቄው ግን ስለ ባዕድ ጎራዴ ነበር። በጃፓን ብረት፣ በጃፓን ሠራተኛ፣ በጃፓን ሠራዊት ትእዛዝ በጃፓን ከተማ የተሠራ ጎራዴ ከዚያ ሳቤር እኩል ባዕድ ተደርጎ መታየቱ ከየት የመጣ ነው?

ሁለተኛው ቅሬታ የታሪኩ አካሄድ ነው። በ1945 ጃፓንን የያዘው ጦር፣ ጎራዴ ሁሉ እንዲሰበሰብ ሲያዝ የጎራዴ አዋቂው ዶክተር ሆንማ ጁንጂ ይህ መሣሪያ ብቻ አይደለም፣ ጥበብ ነው ብለው ተከራከሩ፤ የአሜሪካ ስምንተኛ ጦር የወታደራዊ ፖሊስ ኃላፊ ኮሎኔል ካድዌልም ሰሟቸው። በቶኪዮ አካባኔ ዴፖ ከተከማቸው ክምር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ተመርጠው ተረፉ፤ ከነሱም ባለቤት ያልተገኘላቸው ከ3,000 በላይ ጎራዴዎች በ1999 ለሕዝብ ሙዚየሞች ተከፋፈሉ። «በሥነ ጥበብነት ዋጋ ያለው» የሚለው ሚዛን የተወለደው በዚያ ጭንቅ ነው። ሁሉንም ሊያቀልጥ ከመጣ እጅ የቻሉትን ለማትረፍ። ጭንቁ ካለፈ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ሚዛኑ ግን ያኔ ለአሸናፊው ጦር የቀረበው እንደሆነ አለ፣ ዛሬ ማንም ሳያስገድድ የሚሰብረው የአገሩን ዕቃ ነው።

ሦስተኛ፣ ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆነውን ጎራዴ በዝርዝር እናቅርብ። ስለቱ የደቡብ ማንቹሪያ የባቡር ኩባንያ ሥራ ነው፤ ማንቴትሱ ይባላል። ኩባንያው በዳይረን ከማንቹሪያ ማዕድን የወጣ ብረት ይጠቀም ነበር። ጠንካራውን ብረት እንደ ቱቦ አድርጎ ለስላሳውን ልቡ ውስጥ በማስገባት የሠራቸው ስለቶች በብርድ ቶሎ እንዳይሰበሩ ታስበው ነው፤ በሰሜን ቻይና ክረምት ባህላዊው ስለት አንዳንዴ ይከዳ ነበርና። በናካጎው አንድ ገጽ ላይ «እስያን ለማንሣት በአንድ ልብ፣ ማንቴትሱ ሠራው» የሚል፣ በሌላው ገጽ ላይ የ1940 ጸደይ የሚል ቀን በእጅ ተቀርጾበታል። ለአማርኛ አንባቢ፦ ጃፓኖች ዓመቱን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስለሚቆጥሩ «ሾዋ 15» የሚለው ላይ 1925 ሲደመር 1940 ይሆናል። ማንቴትሱ ላይ ግን ቁጥሩ ሳይጻፍ ዓመቱ በ60 ዓመት ዑደት ውስጥ ያለው ስም ይጻፋል፤ እሱን ከሰንጠረዥ መፈለግ ያስፈልጋል።

እጀታው ላይ የተንጠለጠለ ሰማያዊ ዘርፍ አለ፤ ሰማያዊ የመስመር መኮንን ምልክት ነው፣ ከፍተኛ መኮንን ቢሆን ቀይ ይሆን ነበር። በእጀታው ራስ ላይ ትንሽ የብር የቤተሰብ አርማ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በገመድ የታሰረች የአውራ ጣት ስፋት ያላት የእንጨት ቁራጭ ነበረች፤ ባለቤቱ ጎራዴውን ሲያስረክብ ስሙንና የትውልድ መንደሩን በቀለም የጻፈባት። ዳርና ዳሩ ቢደበዝዝም ስሙ ይነበባል። ሰውዬው ይህን የጻፈው አንድ ቀን ይመለስልኛል ብሎ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ይህ ጎራዴ ከደንቡ አራት መስፈርቶች ሁለቱን፣ ማለትም ጽሑፉን እንደ ሰነድና አመጣጡን እንደ ታሪክ ማስረጃ፣ የሚያሟላ መሆኑን ማንም ያየዋል። በጉምሩክ ተይዞ ለምርመራ ቀረበ፤ «ባህላዊ አሠራር አይደለም» ተብሎ ተመለሰ። ምርጫው ወደ ውጭ አገር መልሶ መላክ ወይም መብትን ትቶ ማስወገድ ነበር። ላኪዋ አረጋዊት ነበሩ፣ የመመለሻውን ወጪና ወረቀት አልቻሉትም። ስለቱ ተቆርጦ ቀረ። የየትኛው ክፍለ ግዛት ቦርድ እንደሆነ አንጠቅስም፤ አንድን ቦርድ መክሰስ አይደለም ፍላጎታችን፣ ሌላው ዘንድ ቢቀርብም ውጤቱ ብዙ አይለይም ነበርና። ብቻ የማንቴትሱ ስለት ሆነው ቀደም ባሉት ዓመታት ካርድ ያገኙና እስከ ዛሬ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጡ አሉ። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ለምን እንደሚወድቅ ላኪው የሚያነበው የጽሑፍ ምክንያት የለም።

የዚህ አሠራር ክፉ ልጅ ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ ይህ አራተኛው ነጥባችን ነው፤ እጃችን ላይ በየጊዜው ስለሚመጣም ጥቂት እንቆይበታለን። ማህተም ያለበት ስለት ይወድቃል ከተባለ ማህተሙን የሚፍቅ አይጠፋም። የ«ሾ» ማህተም የነበረበት ቦታ በሞረድ ሲፋቅ የጥፍር ስፋት ያህል ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል። በዙሪያው ያለው የ80 ዓመት ዝገት ጥቁር ቡናማና ለስላሳ ሲሆን እዚያች ቦታ ላይ ግን ቀላ ብሎ የሚረግፍ አዲስ ዝገት ነው፤ ይህን ለመሸፈን አሲድ የሚቀቡ አሉ፣ ያኔ ቀለሙ ወደ ግራጫ ይሄዳል እንጂ አሮጌውን አይመስልም። አንጥረኛው በሠራበት ጊዜ የተወው የሞረድ መስመርም በአንድ አቅጣጫ ዘንበል ብሎ ሲወርድ እዚያ ላይ ይቋረጣል። ሌሎች ደግሞ የሌላ አንጥረኛ ስም ይቀርጻሉ። እነዚህ ሰዎች ያበላሹት ለምርመራው ሲሉ ነው። የት፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ እንደተሠራ የሚናገረው ማህተም ጠፍቶ ጎራዴው ውሸታም ሆኖ ይቀራል። መርማሪዎቻችሁ ብዙውን ጊዜ ያውቁታል። ነገር ግን ማህተሙ እንዳለ የሚመዘገብበት በር ቢኖር ማን ሞረድ ያነሳ ነበር?

አምስተኛው ጉዳት ከሁሉ የሚያንገበግበን ነው፤ ሊመዘገብ የሚችለውም አብሮ ይጠፋል። በጃፓን ሰው ዘንድ «የወታደር ጎራዴ ሕገ ወጥ ነው» የሚል አጭር ወሬ ሥር ሰዷል። ወራሾች የብረት አፎትና ካኪ ቀለም ሲያዩ ደንግጠው ፖሊስ ጣቢያ ይወስዱትና መብታቸውን የመተው ወረቀት ይፈርማሉ። እጀታው አልወለቀም። ናካጎውን ማንም አላየም። ውስጡ የ1935ቱ የማሽን ሥራ ይሁን ከጦርነቱ በፊት 400 ዓመት የኖረ ስለት፣ ማወቅ አይቻልም። ለማየት የሚያስፈልገው ሥራ ደግሞ የአምስት ደቂቃ ነው፦ የቀርከሃ ችንካሩ ጠባብ ወገን ላይ በትንሽ የእንጨት ዘንግ መታ አድርጎ በሰፊው ወገን ማውጣት፤ በወታደራዊ እጀታ አንዳንዴ ሁለት ችንካር ወይም ብሎን አለና ሁለቱንም መፈለግ፤ ከዚያ እጀታውን በግራ እጅ ይዞ ስለቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ የግራውን አንጓ በቀኝ ጡጫ ቀስ ብሎ መምታት። ናካጎው በራሱ ይላቀቃል። ፖሊሱ ይህን እንዲያደርግ አንጠይቅም፤ ያልታየ ናካጎ ይዞ መብት የመተው ወረቀት እንዳይቀበል ግን እንጠይቃለን።

ዝገትም ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል። ኮከብ ያለበት በእጅ የተቀጠቀጠ ስለት 80 ዓመት በጋራዥ እርጥበት ሲቆይ ላዩ በዝገት ይሸፈናል፤ የብረቱ እጥፋትና በጠርዙ ላይ የሚታየው ደመናማ መስመር አይታይም። መርማሪው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የማይታየውን እንዲመሰክር ይጠበቃል። በባለሙያ ሞራጅ ከጫፉ ወደ ታች ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ «መስኮት» ቢከፈትለት ነገሩ ይለይ ነበር። ቀጠሮ ሰጥቶ ይህን መፍቀድ ለምን ይከብዳል?

አንድ መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን፦ እነዚህ ጎራዴዎች የክፉ ጦርነት ዕቃዎች ናቸው፣ መጥፋታቸው አያሳዝንም የሚል። በቻይና፣ በፊሊፒንስና በሌሎች አገሮች በነዚህ ስለቶች ምርኮኞችና ሲቪሎች አንገታቸው ተቀልቷል። ይህን ልንሸፍን አንሻም። እኛ ራሳችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1937) አዲስ አበባ ላይ የፋሺስት ጦር የፈጀው ሕዝብ ልጆች ነን። ከዚያ የተማርነው ግን ማስረጃ ሲጠፋ የሚጠቀመው ድርጊቱን የሚክደው መሆኑን ነው። በፋብሪካ በብዛት የተሠራው፣ መለያ ቁጥር የተመታበት፣ ውበት የሌለው ጎራዴ አንድ መንግሥት ለጦርነት እንዴት እንደተዘጋጀ ከሁሉ ይበልጥ ይናገራል። ቆንጆዎቹ ብቻ ሲቀሩ በመቶ ዓመት ውስጥ ጦርነቱ በጥበብ ሥራ የተካሄደ ይመስላል። ሙዚየሞች ለሕዝብ ለማሳየት በልዩ ፈቃድ መያዝ እንደሚችሉ እናውቃለን፤ ነገር ግን ያ በር ለሙዚየም እንጂ የአባቱ ስም ያለበት እንጨት ለመጣለት ልጅ አይከፈትም።

ስለ መመለስም አንድ ነገር እንበል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን ቅርስ ከ150 ዓመት በላይ ስንጠይቅ ኖረናል፤ ሮም የቆመው የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ2005 ነው፣ የአፄ ቴዎድሮስ ጉንጉን ፀጉር በ2019። ዕቃ ከሄደበት እስኪመለስ ምን ያህል ልመና እንደሚፈልግ እናውቃለን። እናንተ ዘንድ ግን ማንም ሳይለመን፣ የወሰደው ወታደር የልጅ ልጅ በገዛ ፈቃዷ ትልካለች፤ የአገሩ ደጃፍ ላይ ይሰበራል። ከዚህ የተነሣ እኛ ዛሬ ቤተሰቦችን «አትላኩ፣ ስሙንና ፎቶውን ብቻ ላኩ» ብለን እንድንመክር ተገድደናል። ይህን ምክር መስጠት ያሳፍረናል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ፣ በሕጉ አንቀጽ 14 ለጥንታዊ ጠመንጃ የተሰጠው «ወይም በጥንታዊ ዕቃነት» የሚለው ቃል ለጎራዴም እንዲጨመር ሐሳቡን ለሕግ አውጪው እንድታቀርቡ። ገደብ ይኑረው፦ እስከ 1945 የተሠራና ማህተሙ፣ ጽሑፉ ወይም መለያ ቁጥሩ ያልተነካ ይሁን፤ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ፤ ለንግድ አይሸጥ፣ በውርስ ወይም ለሙዚየም ብቻ ይተላለፍ። ካርዱም በቀለም ከጥበብ ጎራዴው ካርድ ይለይ፣ ማንም በገበያ ላይ እንዳያምታታው። እንዲህ ከሆነ የዛሬዎቹ ባህላዊ አንጥረኞች ክብርም አይነካም።

ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ፣ የሕግ ለውጥ የማያስፈልጋቸው አራት ነገሮች አሉ። ላኪው ዕቃውን ከመላኩ በፊት በፎቶ አስተያየት የሚያገኝበት አድራሻ ይኑር፤ የምንልከው እጀታው የወለቀ ስለት በሙሉ ርዝመቱ፣ የናካጎው ሁለት ገጽና ጀርባ፣ የጫፉና የጠርዙ ቅርብ ፎቶ፣ በስለቱ ጀርባ ናካጎው ከሚጀምርበት እርከን እስከ ጫፉ ያለው ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይሆናል። አስተያየቱ ባያስገድድም ብዙ ስለት ከመንገድ ይመልሳል። ምዝገባ ሲከለከል የትኛው መስፈርት እንዳልተሟላ በጽሑፍ ይነገር። ማስወገድ ግድ ሲሆን ከመቆረጡ በፊት የናካጎው ፎቶና ልኬት ተወስዶ በቦርዱ ይቀመጥ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ይጠበቅና ለሙዚየሞች ይቅረብ፤ እጀታው፣ አፎቱና በተለይም ስም የተጻፈበት እንጨት ወይም ጨርቅ ከስለቱ ጋር አይጣል፣ ለቤተሰቡ ይመለስ። ዝገት ለሸፈነው ስለትም መስኮት ለማስከፈት የሚበቃ ቀጠሮ ይሰጥ።

ለየፖሊስ ጣቢያው ደግሞ አንዲት ገጽ መመሪያ ትላክ፦ የብረት አፎት ያለው ጎራዴ ሁሉ ሕገ ወጥ አለመሆኑን፣ ናካጎው ሳይታይ የመብት መተው ወረቀት እንዳይፈረም።

ለአማርኛ አንባቢዎቻችን፦ መልሱ እስኪመጣ የጎራዴያችሁን ናካጎ በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት፣ ዝገቱንም አታጽዱት፤ ዕድሜውን የሚናገረው እሱ ነው። ስለቱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጠርጋችሁ ቀጭን የማዕድን ዘይት ቅቡት፣ በጣት አትንኩት። የታሰረ እንጨት፣ ጨርቅ ወይም ወረቀት ካለ ሳትፈቱ ፎቶ አንሡት። ወደ ጃፓንም አትላኩ።

ከአክብሮት ጋር፣

በአሜሪካ የምንኖር የጃፓን ጎራዴ ሰብሳቢዎች፣ ጠጋኞችና የጎራዴ ጽሑፍ አንባቢዎች ኢትዮጵያውያን